ስድስት ናኖሜትር ወርቅ

«ወርቅ ነው» አልኳት፤ ስህተቱ የተጀመረው ከዚህ ነው።

ጠዳ ኬላ ላይ ከሚኒባሱ ወርደን በካፊያ ተሰልፈናል። ፈታሿ ትንሿን ሳጥን ከቦርሳዬ አውጥታ ቀና ብላ አየችኝ።

«ስንት ግራም?»

«በሚዛን አይታወቅም።»

«ታሾፊያለሽ?»

አላሾፍኩም። ሳጥኑ ውስጥ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያካክሉ አራት የጨው ሰሌዳዎች አሉ፤ ተራ መስታወት ኢንፍራሬድን ስለሚያግድ በጨው መሥራት ግድ ነው። በላያቸው ወርቅ አትንኜ አሳርፌባቸዋለሁ፤ ውፍረቱ በየተራ አራት፣ ስድስት፣ ስምንትና አሥር ናኖሜትር ነው፤ አንዱ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ወርቅ በጣም ሲሳሳ ይህን ዓይን የማያየውን ጨረር ያሳልፋል፣ ሲወፍር መልሶ ያንጸባርቃል። የመመረቂያ ጽሑፌ ጥያቄ ማንጸባረቅ የሚጀምረው የት ላይ ነው የሚል ነው። አማካሪዬ ዶክተር ዕንባቆም «ስድስቱ ላይ ነው» ባይ ናቸው። መለኪያው ያለው ባሕር ዳር ነው። መጀመሪያ ስሄድ መብራት ጠፋ፣ ሁለተኛው ላይ መንገድ ተዘጋ። ይሄ ሦስተኛዬ ነው፤ ሌላ ወረፋ የሚደርሰኝ ከምረቃ በኋላ ነው።

ፈታሿ አንዱን ሰሌዳ ወደ ሰማይ አንስታ አየችበት።

«አረንጓዴ ነው። ይሄ ምኑ ወርቅ ነው?»

«ሲሳሳ እንደዚያ ነው። እባክሽ በእርጥብ እጅ አትንኪው፣ ሥሩ ጨው ነው።»

«ቅድም ወርቅ፣ አሁን ደግሞ ጨው!»

አብረውኝ የተሳፈሩት አያ ምስጋናው ከኋላዬ ሳቁ። «ምነው ልጄ፣ ቅመሺውና ይለይልሽ!»

ለቀልድ ነበር። እሷ ግን ጣቷን በምላሷ አርጥባ ሰሌዳውን አሸት አደረገችና ቀመሰች።

«ኧረ እውነትም ጨው!» ሳቀችና ሳጥኑን መለሰችልኝ። «ሂጂ እህቴ፣ በሰላም ግቢ።»

አመሰገንኳት። መቀመጫዬ ላይ ሆኜ ሳጥኑን ከፈትኩት። የተነካው ስድስቱ ነው። መሃሉ ደፍርሷል፤ ወርቁ ከጣቷ ጋር ሄዷል።

አያ ምስጋናው አንገታቸውን አሰገጉ። «ተበላሸብሽ እንዴ?»

«ትንሽ።»

«አይዞሽ፣ ባሕር ዳር ጨው ሞልቷል። ሸጋውን እኔው እገዛልሻለሁ።»

«እሺ አያ» አልኩና ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደገፍኩ። ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም።

በማግስቱ ማሽኑ ሦስቱን ለካ። አራቱ አብዛኛውን ጨረር አሳለፈ፤ ስምንቱና አሥሩ አንጸባረቁ። ከሰንጠረዡ የስድስቱን ረድፍ አወጣሁና «ማንጸባረቅ የሚጀምረው በአራትና በስምንት ናኖሜትር መካከል ነው» ብዬ ጻፍኩ።