አምስተኛው ፎቶ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ሕንጻ ያሠራ አንድ ባለሀብት፣ ከሕንጻው ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰፊ ክፍል ለከተማው ሰጠ። ክፍሉ የከተማዋን ስም በሙዚቃ ያስጠሩ ሰዎች ፎቷቸው የሚሰቀልበት፣ ሥራቸው የሚደመጥበት የክብር አዳራሽ እንዲሆን ነው። በየዓመቱ አምስት ሰው ይመረጣል ተባለ፤ መራጮቹም አምስት ሆኑ። ከመራጮቹ አንዷ እስከዳር ሰውአገኝ ነበረች። እስከዳር የሙዚቃ መምህርት ናት፤ ባሏን ከፈታች ወዲህ ቁስቋም ከአባቷ ጋር ትኖራለች።

ለመጀመሪያው ዓመት አራቱ ሰዎች ብዙ ሳያከራክሩ አለፉ። ነገር የመጣው በአምስተኛው ነው። ለዚያ ቦታ ሁለት ሰዎች ተጠቆሙ፤ አንደኛው የእስከዳር አባት ነበሩ።

አቶ ሰውአገኝ በደርግ ጊዜ በኪነት ቡድን ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወቱ ነበር። ቡድኑ ሲበተን በሠርግና በሆቴል መጫወት ቀጠሉ። አኮርዲዮን የሚፈልግ ሲጠፋ ኪቦርድ ገዙ። ሳሎናቸው ውስጥ ያስተማሯቸው ልጆች ዛሬ በየባንዱ አሉ። እስከዳርንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሌላዋ ተጠቋሚ ወይዘሮ ታየች በዚያው ቡድን ዘፋኝ ነበሩ። ከቡድኑ ጋር በአንድ ካሴት ላይ ሦስት ዘፈን ዘፈኑ፤ ከዚያ አግብተው ከመድረክ ወረዱ። አሁን ጠዳ ምግብ ቤት አላቸው።

«ሦስት ዘፈን!» አሉ የመራጮቹ ሰብሳቢ አቶ አምሐ። አቶ አምሐ ዕድሜያቸውን በባህል ሥራ ላይ አሳልፈው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «አንድ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ ጣቱ እስኪቆለመም ተጫውቶ፣ ሦስት ዘፈን ዘፍና ጓዳ የገባች ሴት ትቅደመው? ነገ ሕዝቡ ምን ይለናል?»

«አርባ ዓመት ስላገለገለ ከሆነ የምስክር ወረቀት እንስጠው» አሉ ሐጂ አብዱልመናን። አባታቸው ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸው ግን በወጣትነታቸው ሱቁን ካሴት ቤት አድርገውት የከተማው ሰው ምን እንደሚሰማ ሲያዩ ኖረዋል። «ጥያቄው የቆይታ ጊዜ አይደለም። ይህ ሰው ባይኖር ምን ይጎድለን ነበር? ነው።»

«ተማሪዎቹ ይጎድሉን ነበራ!»

«ለመምህራን ሌላ አዳራሽ ይሠራ። ይሄ የሙዚቃ ነው።»

«አጃቢ ሙዚቀኛ አይደለም ማለትህ ነው?»

«አላልኩም። ካሴቱን ስሙትና ፍረዱ ነው የምለው።»

የዚያን ቀን መብራት ስላልነበረ ሐጂ አብዱልመናን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ይዘው መጥተዋል። ካሴቱን ከተቱና ሁለተኛውን ዘፈን አስጀመሩ።

እስከዳር ዘፈኑን ታውቀዋለች። ልጅ ሆና በየአውቶቡሱ ሲዘፈን ሰምታለች። ቁጭ ብላ ጆሮ ሰጥታ ስትሰማው ግን የመጀመሪያዋ ነበር። ዘፈኑ በአንቺሆዬ ቅኝት ነው። የአባቷ አኮርዲዮን የዘፋኟን ድምፅ እግር በእግር ይከተላል፤ አይቀድምም፣ አይዘገይም። ወደ መጨረሻው ላይ ድምፁ ሽቅብ ወጣና ከአንድ ኖታ አልፎ ሌላው ላይ ሳይደርስ፣ መሃል ላይ ቆመ። አኮርዲዮኑ ዝም አለ። ድምፁ ከበሮውን ብቻ ይዞ እዚያው እየተንቀጠቀጠ ቆየ፤ ሲወርድ አኮርዲዮኑ ተመልሶ ተቀበለው።

«እዚህች ላይ» አሉ ሐጂ አብዱልመናን ቴፑን ዘግተው። «ደንበኞቼ እዚህችን እያጠነጠኑ ነበር የሚሰሟት። ካሴቱ እዚህ ቦታ ላይ እየተበላ ሌላ ሊገዙ ይመጡ ነበር።»

«አየህ?» አሉ አቶ አምሐ። «ሰውአገኝ ቦታውን ለቀቀላት! የአጃቢ ብልህነት ማለት ይሄ ነው።»

«ወይም ጠፋበት።»

«እንዴት ይጠፋበታል? ሰውአገኝ በሕይወቱ ኖታ ጠፍቶበት ያውቃል?»

ሁሉም ወደ እስከዳር ዞሩ።

«ጠይቄያቸው አላውቅም» አለች።

ደንቡ ዘመድ በዘመዱ ላይ ድምፅ አይስጥ ይላል። ስለዚህ እስከዳር ወጥታ በረንዳው ላይ ቆመች። ከታች ባጃጆች ይርመሰመሳሉ። በመስኮቱ የአቶ አምሐ ድምፅ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማታል። ጥቂት ቆይቶ ሐጂ አብዱልመናን በሩን ከፍተው ጠሯት።

«ሁለት ለሁለት ሆንን» አሉ አቶ አምሐ። «ፎቶውን የሚያሠራው ሰው ደግሞ ስሙን ዛሬ አምጡ ብሏል። ደንቡን እኛው ነን የጻፍነው፤ እኛው ለዛሬ እናንሳው ብለናል። አንቺ ለዪን።»

አቶ አምሐ ይህን ሲሉ ፊታቸው ፈታ ብሎ ነበር። ልጅ በአባቷ ላይ እንደማትፈርድ እርግጠኛ ነበሩ። ሐጂ አብዱልመናንም አልተቃወሙም፤ ካሴቱ ሲዘፈን ያዩት የእስከዳርን ፊት ነበርና።

እስከዳር ተቀመጠች። የአባቷን አጨዋወት እንደ እርምጃቸው ታውቀዋለች። ሳሎን ውስጥ ሆነው ይጫወቱት፣ ሠርግ ላይ ይጫወቱት፣ አንድ ዘፈን ሁልጊዜ ያው ነው። ስህተት የለበትም። ልጅ ሳለች ይህንን ትወደው ነበር፤ እንቅልፍ የሚወስዳት በዚያ ነበር። ካደገች በኋላ ግን ሌላ ሰው ሲጫወት የሚሰማት ድንጋጤ በአባቷ ጨዋታ ለምን እንደማይሰማት ራሷን ጠይቃ ታውቃለች። መልሱንም ታውቀዋለች፤ ጮክ ብላ ተናግራው ግን አታውቅም።

«ወይዘሮ ታየች» አለች።

አቶ አምሐ መነጽራቸውን አውልቀው አይዋት።

ወሬው ሳይቀድማት ለመንገር ቀጥታ ወደ ቤት ሄደች። አቶ ሰውአገኝ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ስለነበር የኪነት ዘመን ፎቷቸውን በትልቁ አሳጥበው ፍሬም አሠርተውለታል፤ አዘዞ ላሉት ወንድማቸውም ለምረቃው ቤተሰቡን ይዘህ ና ብለው ደውለዋል።

«እህ?» አሏት።

«አልሆነም አባባ። እትዬ ታየች ሆኑ።»

«ታየች።» ጋዜጣውን አጠፉት። «ስንት ለስንት?»

«ሦስት ለሁለት።»

«ሐጂ አንድ ነው፤ እሱ ድሮም ታየች እንዳለ ነው። ያቺ ሬዲዮ ላይ የምትሠራው መራጭ ሁለት። ሦስተኛው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምነው?» አሉ አቶ ሰውአገኝ። እስከዳር አፏን ከመክፈቷ በፊት ግን ተነሥተው ገቡ። የሳሎኑ በር ሲዘጋ ሰማች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገሯትም። ምሳ ስታቀርብ ይበላሉ፤ ስትገባ ይወጣሉ። የሚያስተምሯቸውን ልጆች ለጊዜው አትምጡ አሏቸው። ሰፈሩም ሰማ። አንዲት ጎረቤት እስከዳርን መንገድ ላይ አቁማ «አባትሽን ለባዳ ሸጥሽው አሉ፤ እውነት ነው?» አለቻት። እስከዳር «እውነት ነው» ብላት አለፈች።

ለወይዘሮ ታየች የመንገሩ ነገር በእስከዳር ላይ ወደቀ። መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቀን በሚኒባስ ጠዳ ወረደች። ወይዘሮ ታየች ምግብ ቤታቸው በር ላይ ሽንኩርት ሲመርጡ አገኘቻቸው። ቀይ፣ ደንዳና ሴት ናቸው። ከጎንደር፣ ከአዳራሹ ነው የመጣሁት ስትላቸው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«መዋጮ ነው?» አሉ።

እስከዳር ነገሩን አስረዳቻቸው። ወይዘሮ ታየች እስከ መጨረሻው ሰምተው ሳቁ።

«ሦስት ዘፈን ዘፍኜ? ቀልዳችሁን ነው። ሰውአገኝስ?»

«አልተመረጡም።»

«እሱ ሳይመረጥ እኔ?» ሳቃቸው ቆመ። ትኩር ብለው አይዋት። «ቆይ፣ አንቺ ልጁ አይደለሽም እንዴ? ግንባርሽ የሱው ነው።»

«ነኝ። ከመረጡዎት ሰዎች አንዷ ነኝ።»

«ውይ ልጄ! ታዲያ እቤት እንዴት ትገቢያለሽ?»

«እየገባሁ ነው። አያናግሩኝም እንጂ።»

ወይዘሮ ታየች ወንበር ሰጥተው ሽሮ አስቀረቡላት። እስከዳር እየበላች ሁለተኛው ዘፈን ላይ አኮርዲዮኑ ስለቆመበት ቦታ ጠየቀቻቸው።

«እሷን ቦታ!» አሉ። «በልምምድ ጊዜ እዚያ ላይ ስደርስ የሱ አኮርዲዮን ሌላ ነገር ይላል፤ የእኔ ድምፅ ሌላ ነገር ይላል። አለቃችን አኮርዲዮኑን ተከተዪ እያለ ይጮህብኝ ነበር። እኔ ግን እናቴ እንደዚያ ነበር የምታዜመው፤ አልሆንልሽ አለኝ። የሚቀዳ ለት እዚያ ላይ ስደርስ ሰውአገኝ ዝም አለ። ዞሬ አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። ጠፍቶበትም ይሁን ትቶልኝ አልጠየቅሁትም። አለቃችን ግን ከቀረጻው በኋላ ለብቻው ጠርቶ ሲቆጣው ሰምቻለሁ። ሸጋ ሰው ነው ሰውአገኝ። አንቺም ከፋሽበት።»

«ዘፈኑን ሰምቼ ነው የፈረድኩት።»

«እሱስ የእናንተ ሥራ ነው» አሉ ወይዘሮ ታየች፤ ወደ ሽንኩርታቸውም ተመለሱ።

የአዳራሹ ምረቃ በወሩ ሆነ። ወይዘሮ ታየች ነጭ ለብሰው መጡ። አንድ ዘፈን እንዲዘፍኑ ተለምነው፣ ያንኑ ሁለተኛውን ዘፈኑ። ድምፃቸው ጎርንኗል፤ ትንፋሽም ያጥራቸዋል። ያጀባቸው ኪቦርድ ተጫዋች ወጣት ነበር፤ ዘፈኑ ሽቅብ ሲወጣ እሱ በኖታው ላይ ድርቅ ብሎ ቀረ። ሁለቱ ድምፆች ተጋጩ። ሰው ግን አጨበጨበ። እስከዳር ስትዞር አባቷን ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ቆመው አየቻቸው። ንግግሩ ሳይጀመር ወጥተው ሄዱ።

ቤት ስትደርስ አቶ ሰውአገኝ ሳሎን ተቀምጠው ነበር።

«ያ ልጅ አጃቢ ነው?» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ከወር በላይ ዝም ካሉ በኋላ የመጀመሪያ ንግግራቸው ነው። «ሴትዮዋን አነቃት እኮ!»

«አነቃቸው» አለች እስከዳር። ነጠላዋን ሳታወልቅ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«ምን ጎደለኝ?» አሉ ድንገት። «የፈረድሽው አንቺ ነሽ። ንገሪኝ።»

«ቢቆጡስ?»

«ተቆጥቼ ጨርሻለሁ።»

«አባባ፣ እርስዎ ሲጫወቱ ስህተት የለም። ግን ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሁልጊዜ አውቀዋለሁ። ከእርስዎ የተማሩት ሁሉ ልክ ናቸው፤ ሲጫወቱ ግን ማናቸው እንደሆኑ አይለይም። እኔም እንደዚያው ነኝ።»

አቶ ሰውአገኝ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መስማማት ይሁን ሌላ አላወቀችም። «አለቃችን እንደዚያ ነበር የሚፈልገው» አሉ። «ከኖታ የወጣ ይባረር ነበር። ባንድ ስንሆንም ሙሽራ ካሴቱ ላይ እንደሰማው ነው የሚፈልገው። ሰው የፈለገውን ሰጠሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ካሴቱ ላይ ዝም ያልኩበትን ቦታስ ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል። አቶ አምሐ ለቀቀላት አሉ፤ ሐጂ ጠፋበት አሉ።»

«ሁለቱም አላወቁም። ለድምፅዋ የሚሆን ቁልፍ አኮርዲዮኑ ላይ የለም። ግራውንም ብነካ ቀኙንም ብነካ እሷን ማበላሸት ነው። ጣቴን አነሣሁ።» ከተቀመጡበት ወደ ፊት ጠጋ አሉ። «ማንሣት ጨዋታ አይደለም?»

እስከዳር አሰበች። «ነው» አለች።

«ታዲያ?»

«አንድ ቀን ብቻ ነው ያደረጉት አባባ።»

«እሷስ ሦስት ዘፈን ብቻ አይደል የዘፈነችው?» አሉ አቶ ሰውአገኝ።

እስከዳር ተነሥታ ራት ልታሰናዳ ሄደች፤ ያን ቀን አብረው በሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቆማ ሲጀመር አቶ ሰውአገኝ ሰው እስኪጠቁማቸው አልጠበቁም፤ ራሳቸው ሄደው ስማቸውን አስመዘገቡ። እስከዳር ይህን ስትሰማ ከመራጭነት እንደወጣች ለአቶ አምሐ ነገረቻቸው። «በዘመድ ላይ ድምፅ መስጠት አንዴ ይበቃኛል» አለቻቸው። በዚያ ዓመት ለአቶ ሰውአገኝ የተከራከሩት ሐጂ አብዱልመናን ነበሩ፤ ስለ ጣት ማንሣቱ ከእስከዳር ሰምተው ረጅም ንግግር አደረጉ አሉ። አልበቃም። አምስተኛው ቦታ በየሠርጉ ከበሮ ይዘው ሲያዜሙ ለኖሩት ለወይዘሮ ሃጂራ ሆነ።

እስከዳር ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውጤቱ ከሷ ቀድሞ ቤት ደርሷል።

«ሃጂራ ይገባታል» አሉ አቶ ሰውአገኝ፤ የተናደዱ ግን አይመስሉም ነበር። «የእኔን ሠርግም ያደመቀችው እሷ ናት። ሌሎቹን አራቱን ግን እንዴት እንደመረጧቸው እንጃ። በተለይ ያ ዋሽንት ነፊ! አንድ ዜማ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«እሱማ ይገባዋል» አለች እስከዳር ቦርሳዋን እያስቀመጠች።

«በምኑ?»

«ልንገርዎት» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዳግም መምጣት የጀመሩት የአባቷ ተማሪዎች በሩን እስኪያንኳኩ ተከራከሩ፤ አልተስማሙም።