ጎማው ሳይፈታ

ጎፋ ላይ ጀልባ አይቶ ሳይስቅ የሚያልፍ አልነበረም። ከዝዋይ በአይሱዙ ተጭና መጥታ በደምሰው ጋራዥ፣ በሁለት አሮጌ ውይይት ታክሲዎች መሃል ከተቀመጠች ሁለት ወሯ ነው።

"ባሕሩ መቼ ይመጣል?" ይላል አላፊ አግዳሚው።

አማከለች በጋራዡ በር ላይ ጎማ እየለጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ "አንተ ከመንገዱ ዞር ስትል" ትላለች።

ጀልባዋ የሟቹ ባሏ የዲንሳ የዓሣ ማጥመጃ ነበረች። እሱ ካረፈ ወዲህ ከኋላዋ ውሃ ማስገባት ጀመረች። የዲንሳ ወንድም ፍሮምሳ ደግሞ ሞተሯን ነቅሎ ወፍጮ ላይ ሊተክል ቋመጠ። ሽማግሌ ተቀመጠና ፈረደ፦ እስከ ቅዳሜ ውሃ ማስገባቷን ካቆመች ጀልባዋ ከነሞተሯ የአማከለች፤ ካላቆመች ሞተሩ የፍሮምሳ።

ደምሰው ሦስት ጊዜ ማስቲሽ ለድፎባታል። ሞተሩን ከፕሮፔለሩ የሚያገናኘውን የኋላ እግሯን ዙሪያውን እንደ ጭቃ ቤት መርጎታል። ሦስቴም አባ ሳሙኤል ግድብ ድረስ ተጭና ሄዳ፣ ሦስቴም ሆዷን በውሃ ሞልታ ተመለሰች።

ሐሙስ ጠዋት አማከለች ከበርጩማዋ ተነሳች።

"ደምሰው፣ ይሄን እግር ፍታው።"

"እትዬ አማከለች፣ እግሩ ምን አደረገሽ? ውሃው በጠርዙ ነው የሚገባው። አንድ ዙር ማስቲሽ ልጨምርበት።"

"ሲገባ አይተሃል?"

"ከሥሯ ጠልቄ ልይልሽ?"

"እኔ የሚተነፍስ ጎማ ገንዳ ውስጥ ነክሬ ነው የማየው። ይህቺን የሚችል ገንዳ የለኝም። እንግዲህ ውሃውን እሷ ውስጥ እሞላዋለሁ። በገባበት ይወጣል።"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። "ውሃ ገባባት ብለሽ አምጥተሽ ውሃ ልትሞያት?" አለ ደምሰው።

"አንተ ማስቲሽ ሞልተሃት የለ!"

ውሃው ወደ ኋላ እንዲያዘነብል የጀልባዋን አፍንጫ በክሪክ አስነሳችና ጀሪካኑን እያከታተለች ገለበጠች። ጠበቁ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ደምሰው እጁን አጣምሮ ፈገግ አለ።

አማከለች አጎንብሳ የጀልባዋን እግር በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ግራ ጠመዘዘችው። በእግሩና በጀልባዋ ገላ መሃል እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ጎማ አለ። እጥፋቱ ሲዘረጋ ስንጥቁ አፉን ከፈተ፤ ውሃው በአማከለች ጫማ ላይ ተንዠቀዠቀ።

"አየህ? ጎማ ካላጎበጥከው ጉዱን አያወጣም።"

ደምሰው ጭንቅላቱን አከከ። "ቡሎኖቹ ዝገዋል። ቢሰበሩብኝስ ብዬ ነው ያልፈታሁት።"

"ጎማ ሳይፈታ ይለጠፋል እንዴ? ወይ ፍታው፣ ወይ ቁልፉን ለእኔ ስጠኝ!"

ቡሎኖቹን ናፍጣ ሲያጠጣ ዋለና ዓርብ ጠዋት ፈታው። አማከለች የተሰነጠቀውን ጎማ ታቅፋ ምናለሽ ተራ ወረደች፤ ከሱቅ ሱቅ ስትለካ ቆይታ፣ ከከባድ መኪና የወጣ፣ ስፋቱም እጥፋቱም ልክክ የሚል አገኘች። ተመልሳም የደምሰውን ማስቲሽ በካቻቢቴ ፍቃ ጣለችና ያመጣችውን ጎማ በቦታው ገጥማ እግሩን መልሳ አሰረችው።

"ለጠርዙ እንኳ ትንሽ..." አለ ደምሰው።

"ያንን የማስቲሽ ቆርቆሮ ክደን!"

ቅዳሜ ፍሮምሳ ሃያ አራት ቁጥር ቁልፍ ይዞ መጣ።

"የወንድሜ ሚስት፣ በቃሽ። ዓሣው ይቅርና እህል እንፍጭበት።"

ጀሪካን አቀበለችው። "ሙላ።"

"እኔ?"

"አዎ፣ አንተ። እኔ ከሞላሁት ውሃው አነሰ ትላለህ።"

ላብ በላብ ሆኖ ሞላ። አማከለች እግሩን ወደ ግራ ጠመዘዘች፣ ወደ ቀኝ ጠመዘዘች፣ ወደ ላይም አነሳችው። ፍሮምሳ መዳፉን ከጎማው ሥር ዘርግቶ ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣ መዳፉ ደረቅ ነው።

"እስቲ አንዴ ወደ ግራ" አለ።

ጠመዘዘችለት።

"ሐይቁ ላይ ግን ሌላ ነው።"

"ና አብረን እንሂዳ! ዋና እንደማትችል ግን አትርሳ።"

ደምሰው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፊቱን አዞረ። ፍሮምሳ ወደ በሩ ሲራመድ አማከለች የጀልባዋን ውሃ እየለቀቀች ጠራችው።

"ቁልፉን አምጣው። የደምሰው ቁልፍ አፉ ተበልቷል።"

"ምን ሊያደርግልሽ?"

"አምጣው አልኩህ።"

ሰጣት። ጀልባዋ ላይ ወጣችና ሞተሩን ከወለሉ ጋር ያሰሩትን፣ እሱ ሊፈታቸው የመጣውን ቡሎኖች አንድ በአንድ አጠበቀች። ፍሮምሳ ቁልፉ እስኪመለስለት በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ።