ባሕሩ ቁርስ አይጠብቅም

ደሴት እናያለን ብላችሁ የምትመጡ ሰዎች፣ ዛሬ ደሜ ፈልቷልና ምክሬን ከነቁጣዬ ተቀበሉኝ። በባዶ እግራችሁ ባሕር አትግቡ፤ ከሥር ያለው ድንጋይ ምላጭ ነው፣ የቆረጠውም ቶሎ አይድንም። ኮኮናት ዛፍ ሥር አንጥፋችሁ አትተኙ፤ ፍሬው ሲወድቅ ማን እንደተኛ አያይም። ደመና ነው ብላችሁ ፀሐዩን አትናቁት፤ ማታ በደረታችሁ ተኝታችሁ የምታቃስቱት እናንተ፣ ጀርባችሁን እሬት የምቀባው እኔ። አጎበሩን ፍራሹ ሥር በደንብ ወትፉት። ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ይሄን ሁሉ ለእንግዶቼ በሳቅ በጨዋታ ነበር የምናገረው። የባሕሩን ነገር ግን ከዛሬ ወዲያ በሳቅ መናገር አልችልም።

እኔና ባሌ ባሕሩ ዳር ጥቂት ክፍሎች ያሉት የእንግዳ ማረፊያ አለን። ከበራችን ፊት ለፊት ሌላ ትንሽ ደሴት ትታያለች፤ ወፍ ብቻ ነው ያለባት። ውሃው ሲሸሽ በመሀል የአሸዋ መንገድ ይወጣል፣ ሰው እየተጨዋወተ በእግሩ ይሻገራል። ውሃው ሲመለስ መንገዱ የለም። ታዲያ የሚሸሽበት ሰዓት በየቀኑ ይቀየራል። ዛሬ ከቁርስ በኋላ የሸሸው፣ ሰንበትበት ብላችሁ ስታዩት፣ ጎህ ሲቀድ ሸሽቶ በቁርስ ሰዓት እየተመለሰ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ በየማለዳው ዓሣ አጥማጁን ወንድሜን እጠይቅና፣ በራችን ላይ ያለውን ጥቁር ሰሌዳ በመዳፌ ጠርጌ የዕለቱን ሰዓት በጠመኔ እጽፍ ነበር።

ባሌ ጠመኔውን አይወደውም። ሰፈሩ ማይክራፎን ነው የሚለው፤ ድምፁ ከበረንዳው ተነስቶ ወደቡ ድረስ ይሰማል፣ እንግዳ ጥያቄ ሲጠይቀው ደግሞ ዓይኑ ይበራል። "ትምህርት ቤት ከፈትን እንዴ?" ይለኛል ሰሌዳውን ባየ ቁጥር። "ሰው ፎቶ የሚነሳበት በር ላይ የጠመኔ ብናኝ።" እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ መጻፌን እቀጥላለሁ።

እህቴ ታመመችና ላስታምማት ወደ ዋናው መሬት ተሻገርኩ። ስሄድ "አደራህን ሰሌዳውን እንዳትረሳ" አልኩት። አልረሳም። ቢረሳው በስንት ጣዕሙ።

ዛሬ ጠዋት ከመርከብ ወርጄ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ በሬ ላይ ስደርስ ቤት የተሳሳትኩ መሰለኝ። ጥቁሩ ሰሌዳ ነጭ ሆኗል። ግራና ቀኙ ላይ ዓሣ ተስሎበታል፤ ዓሦቹ ደግሞ ይስቃሉ። መሀሉ ላይ በሰማያዊ የዘይት ቀለም፣ እንዲህ በማያሻማ ፊደል፣ "ወደ ትንሿ ደሴት በእግር መሻገሪያ፦ ከቁርስ በኋላ" ይላል።

"አማረልኝ?" አለኝ ባሌ ከበረንዳው። እንኳን ደህና መጣሽ የለ፣ እህትሽ ተሻላት ወይ የለ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ሰዓሊ አምጥቼ ነዋ። የሄድሽ ቀን የጻፍሽውን ነው ያስገለበጥኩት፣ አንድ ፊደል አልጨመርኩም። ዝናብ አይነካው፣ ሰው አያብሰው፣ ተገላገልን።"

"የሄድኩ ቀን ሰዓት እኮ ነው። ዛሬ ሌላ ቀን ነው።"

"አይ እንግዲህ፣ ከደጃፍ ጀመርሽ? እስከ ትናንት እንግዳም አልነበረን። ትናንት ነው አንድ ሽማግሌ መምህርና ባለቤታቸው የመጡት። እንዴት እንደወደዱት ብታዪ።"

"የት አሉ?"

"ተሻግረዋላ። ቁርስ በልተው። ልጅሽም አብራቸው ሄዳለች።"

ዞር ብዬ ባሕሩን አየሁት። የአሸዋው መንገድ ጫፍና ጫፉ ብቻ ቀርቷል፤ መሀሉን ውሃው በልቶታል። ሻንጣዬን የት እንደጣልኩት አላውቅም፤ ነጠላ ጫማዬም ከእግሬ ወልቆ ቀረ። ወንድሜ ከጀልባው አጠገብ መረቡን ሲጠግን ደረስኩበት።

"መንገዱ ላይ ሰው አለ" አልኩት።

"በዚህ ሰዓት? ውሃው እየመጣ እኮ ነው፣ እትዬ።"

"ልጄ ናት። በሞቴ ፍጠን።"

ሌላ አልጠየቀኝም። መረቡን ጥሎ ጀልባዋን ገፋ፣ እኔም እየተንገዳገድኩ ገባሁ። ባሌ እየሮጠ መጥቶ ዳር ላይ ቆመ። "አትደናገጡ፣ ልጅቷ እዚሁ ያደገች ናት፣ ባሕሩን ታውቀዋለች" ይላል። ድምፁን የሞተሩ ጩኸት እንኳ አልሸፈነልኝም።

ያናደደኝም እሱው ነው። ታውቃለች እንጂ። ከመራመዷ በፊት ዋና ያወቀች ልጅ ናት፤ ትምህርቷን ጨርሳ ከመጣች ወዲህ ደግሞ እንግዳ ይዛ መዞር ሥራዋ ነው። ታዲያ ምን ቆርጧት ገባች? መንገዱን ሙሉ ባሌን ሰደብኩ፣ ሰዓሊውን ሰደብኩ፣ ከዚያ ወደ እሷ ዞርኩ። በሕይወት ላግኛት እንጂ ቆዳዋን ነው የምገፍፋት አልኩ።

መሀል ላይ አገኘናቸው። መጀመሪያ የታየኝ የመምህሩ ነጭ ባርኔጣ ነው። ውሃው ደረታቸው ላይ ደርሶ፣ የልጄን ሸሚዝ ከኋላ ጨምድደው ይዘዋል። ልጄ ሴትየዋን አዝላለች። እኔን የምታክል አጭር ልጅ፣ የሰው እናት አዝላ፣ አገጯን ወደ ሰማይ ቀስራ በጣቷ ጫፍ ትራመዳለች። ውሃው ወደ ጎን ይገፋታል። እየደረስንላት ሳለ እግሯ ከዳት፤ ጭንቅላቷ ሰጠመ፣ ሴትየዋን ወደ ላይ ገፍተው የያዙ ክንዶቿ ብቻ ከውሃው በላይ ቀሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ወንድሜ ዘሎ ገባና ሁለቱንም ወደ ላይ አወጣቸው። መምህሩን እኔ በኮታቸው ኮሌታ ጎትቼ አስገባኋቸው፤ ክብር የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም።

ልጄ የጀልባዋ ወለል ላይ ተደፍታ የጠጣችውን ውሃ አስመለሰች። ትንፋሿ እንደተመለሰ እጄን አነሳሁ።

"አንቺ ዕውር ነሽ? ውሃው ሲመጣ አይታይሽም?"

"እሷን አይቆጧት፣ እባክዎ" አሉ መምህሩ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። "ገና ሳንርቅ እንመለስ ብላናለች። በራችሁ ላይ ተጽፏል ብለን እኛ ነን ያስቸገርናት።"

"ከመነሳታችሁ በፊትስ? አፍ የለሽም?" አልኳት።

"ቁርስ ላይ ልናገር ነበር" አለች ልጄ። ድምጿ አልወጣ ብሏታል። "አባዬ ጓዳ ጠራኝና በእንግዳ ፊት እንዳታዋርጂኝ አለኝ። ለብቻቸው ከሚሄዱ ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ።"

ያነሳሁትን እጅ የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ወንድሜ ሞተሩን አስነሳ። እስክንደርስ ድረስ አንጀቴ እያረረ፣ ባሌን ምን እንደምለው አንድ በአንድ ደረደርኩ። ሰፈር ይስማ፣ ወደቡ ይስማ፣ ግድ የለኝም አልኩ።

ባሌ ዳር ላይ ሁለት ፎጣ ይዞ ጠበቀን። ትልልቆቹን፣ አዲሶቹን። ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሴትየዋን ደግፎ አወረደ፣ አንዱን ፎጣ አለበሳቸው። ሁለተኛውን መምህሩ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። ከዚያ አሸዋው ላይ ተንበረከከ።

"ጋሼ፣ ይቅር በሉኝ። እትዬ፣ በእግዜር ይቅር በሉኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሌላ ማንም የለበትም።" እንባው እየወረደ ነው። የውሸት አልነበረም፤ ሰውየውን አውቀዋለሁ።

ልጄ ከጀልባዋ ብቻዋን ወርዳ ጎን ላይ ቆማለች። ከፀጉሯ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ሁለት እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ ትንቀጠቀጣለች።

"ለልጅህስ?" አልኩት።

"ምን?"

"ለልጅህ ምን ትላታለህ?"

ቀና ብሎ አያት። ጥያቄው በእውነት አልገባውም።

"እሷማ የቤት ሰው ናት" አለኝ።

የደረደርኩትን ስድብ ሁሉ ተውኩት። ሄጄ ፎጣውን ከመምህሩ ትከሻ ላይ ገፈፍኩት። ባሌ "ኧረ ተይ፣ ምን ነካሽ" አለ። ፎጣውን ልጄ ላይ ጠመጠምኩት። እሷ ግን ልትገፈው ትታገለኝ ጀመር።

"እማዬ፣ ተዪ" አለች እየተንቀጠቀጠች። "የእንግዳ ነው እኮ።"

ሁለት እጇን ከነፎጣው አፍኜ ያዝኳት፣ አለቅም አልኩ። እሷም ለመምህሩ ልትመልስላቸው መታገሏን አልተወችም።