የማንአልሞሽ ላብራቶሪ

«ሐዘንተኛ እግሯ ከደጅ አይወጣም» አሉ ወይዘሮ ባየሽ፣ ወንበራቸውን ጎትተው በሩ ሥር እየተቀመጡ። «ለዚያውም በሰልስቱ!»

«መኪናዬ ውስጥ ነው የምቀመጠው እትዬ። ግማሽ ሰዓት ብቻ። እዚሁ ፊት ለፊት ነው ፓርክ ያደረግኩት።»

«መኪና ውስጥ ምን አለ?»

«ኮል አለኝ።»

«ስልክ ነው? ስልክማ እዚህም ይወራበታል። ሰው ከኤቨረት ከተማ ድረስ ዝናብ እየመታው ሊያስተዛዝንሽ መጥቶ አንቺ መኪና ውስጥ ልትደበቂ? እኔ እህቷ እዚህ ቁጭ ብዬ?»

ኖላዊት ሰዓቷን አየች። ለስምንት ሃያ ጉዳይ ነው። አክስቷን ተከራክሮ የረታ ሰው እስካሁን አላየችም፤ ዛሬ ለመሞከርም ጊዜ የላትም።

እናቷን ማንአልሞሽን የቀበሩት ቅዳሜ ነው። ሥራ ቦታዋ ላይ ራሷን አዞራት፣ ተቀመጠች፣ አልተነሳችም። ከዚያ ወዲህ ቢከን ሂል በሚባለው ሰፈር ያለችው ትንሽ አፓርታማ በሰው ተጨናንቃለች፤ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ተጣጣፊ ወንበሮች፣ በፎይል የተሸፈኑ ትሪዎች፣ በሩ ሥር የተከመረ እርጥብ ጫማ። ኖላዊት ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጣ «እግዜር ያጥናሽ» ስትባል፣ እሷም «አሜን» ስትል ከረመች። አላለቀሰችም። ሰዎቹ ይህን አይተዋል፤ ማየታቸውንም አይታለች።

ስምንት ሰዓት ላይ የሚደወለው ከአዮዋ ነው። አሳማ የሚያክሙ ሐኪሞችና አርቢዎች ከየኪሳቸው አዋጥተው ያቋቋሙት የበጎ አድራጎት ፈንድ አለ። በየዓመቱ የአንድ ተማሪ የመጨረሻ ዓመት ክፍያ ይሸፍናል፤ በጋውን ደግሞ አሳማ ሳይሠቃይ የሚያድግበትን መንገድ እንዲያጠና ያሠማራዋል። ከመቶ በላይ ካመለከቱት አምስት ቀርተዋል፣ አንዷ ኖላዊት ናት። ፑልማን ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ሦስተኛ ዓመት ላይ ደርሳለች። እስካሁን ግማሹን ብድር፣ ግማሹን የእናቷ የሌሊት ፈረቃ ከፍሎታል። ፈረቃው ቅዳሜ ተቀበረ። ስኮላርሺፑ ካልመጣ አራተኛው ዓመት የለም።

ቀኑን አስተላልፉልኝ ብላ መጻፍ ትችል ነበር። አልጻፈችም። እናቴ ሞተች ብሎ ለማያውቁት ሰው መጻፍ ልመና ሆነባት፤ ልመና ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ያንን አልፈጠረባትም።

ሳሎኑ ውስጥ ካለው ሰው ይህን የሚያውቅ የለም። «ሕክምና ነው የምትማረው» ይባላል፤ የምን ሕክምና ብሎ የጠየቀ የለም።

«እኔን ያዳነችኝ ማንአልሞሽ ናት» አሉ ሶፋው ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ ገንዘብ፣ አጠገባቸው ላሉት ለአቶ ገመዳ። «ዶክተሩ ወረቀት ሰጠኝ፤ ማን ያነበዋል? እሷ ጋ ይዤ መጣሁ። መነጽሯን አድርጋ ዝም ብላ አየችው። ‹ገንዘብዬ፣ ስኳር ነው፤ ለስላሳውን ተዪው› አለችኝ። ላብራቶሪ የሚሠራ ሰው እኮ ሌላ ነው!»

«የእኔንም ኮሌስትሮል አይታልኛለች» አሉ አቶ ገመዳ። ታች ፎቅ ያሉ ጎረቤት ናቸው፤ በወጣትነታቸው ቢሾፍቱ አጠገብ ከብት ያረቡ ነበር። «ቅቤ ከለከለችኝ እንጂ።»

ኖላዊት ጣሪያውን አየች። እናቷ አሥራ ሦስት ዓመት «ላብራቶሪ ነው የምሠራው» ብላለች፤ እውነት ነው፣ የሕንፃው በር ላይ እንደዚያ ተጽፏል። ሰው በሰማው ላይ ነጭ ጋዋን ጨመረበት። የደም ምርመራ ውጤቱን በፌስታል እየቋጠረ ሲመጣ ማንአልሞሽ ማንንም አልመለሰችም። መዝገበ ቃላት አውጥታ መታጠቢያ ቤት ትገባለች፣ ስትወጣ አውቃ ትወጣለች።

ለስምንት አምስት ጉዳይ ሲሆን ኖላዊት ተነስታ ከወይዘሮ ባየሽ ልጅ ከቴዲ እጅ ስልኳን ነጠቀች። ቴዲ የኤርፖርት ሹፌር ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ በእሷ ስልክ፣ በራሱ ብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ መዝሙረ ዳዊት ሲያሰማ ነበር።

«ሃይ! መሃሉ ላይ እኮ ነው» አለ።

«ዳዊት ይጠብቀኛል።»

መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። አልጋው ላይ የሰው ኮት ተከምሯል። ኮቶቹን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። ስልኩ ጮኸ። አንስታ «ሄሎ» አለች። ጆሮዋ ላይ ምንም የለም።

ሳሎን ውስጥ ግን፣ ዳዊት ሲነበብበት በነበረው ማጉያ፣ አንዲት ደስተኛ አሜሪካዊት ቤቱን ሞላችው። «ሄሎ ኖላዊት! ዶክተር ሊንዳ ነኝ፣ አምስታችንም የፈንዱ ዳኞች መስመር ላይ ነን። ስለ አሳማ ለማውራት ተዘጋጅተሻል?»

ኖላዊት በካልሲዋ እየተንሸራተተች ሳሎን ደረሰች። አርባ ሰው አፉን ከፍቶ ማጉያውን ያያል። ወይዘሮ ገንዘብ አማተቡ።

«ፒግ ነው ያለችው?» አሉ።

«አይ፣ ቢግ ነው፣ ቢግ» አለ ቴዲ ቶሎ ብሎ። «ትልቅ ሐኪሞች ናቸው።» ወደ ኖላዊት ዞሮ በሹክሹክታ፣ «ዲስኮኔክት አድርጊው!»

አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበር። ግን ብትነካካው ኮሉ ሊቋረጥ ይችላል፤ አምስቱ ዳኞች በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚሰበሰቡት። ማጉያው አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። «ዝግጁ ነኝ» አለች በእንግሊዝኛ።

የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች አከታትላ መለሰቻቸው። ስለ ጠባብ ጋጣ፣ ስለ ግልገል ጥርስ፣ ስለ ሳንባ በሽታ። ቴዲ ለእናቱ «ስለ ልብ ነው… ስለ ሕፃናት ነው…» እያለ ተረጎመ። ወይዘሮ ባየሽ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ኖላዊት እዚህ ድረስ ይዘልቃል ብላ ማመን ጀመረች።

«አሁን ከማመልከቻሽ ጋር ወደ ላክሽው ጽሑፍ እንምጣ» አለች ዶክተር ሊንዳ። «ያቺ ሠራተኛ። በኤሌክትሪክ የሚነዝረውን ዱላ ከሕንፃው ያስወጣችው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁላችንም ደጋግመን ያነበብነው እሷን ነው። ልናነጋግራት እንፈልጋለን። ስልኳን ትሰጪናለሽ?»

ኖላዊት ወደ አክስቷ ቀና አለች።

አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ክረምት፣ ትምህርት የለም፣ የሚጠብቃት ሰው የለም፣ እናቷ ይዛት ሥራ ሄደች፤ ላብራቶሪው ለምርምር አሳማ ያኖራል። ረጅም ኮሪደር፣ መሃሉ ላይ የቆመች ትልቅ አሳማ፣ ዙሪያዋን ሦስት ወንዶች። ጮኹባት። በዱላው ነዘሯት። አሳማዋ ቤቱን በጩኸት አናጋችው እንጂ አልተንቀሳቀሰችም። ማንአልሞሽ በጎማ ቦቷ እየተንገታገተች መጣች። ወንዶቹን በእጇ ገለል አድርጋ ተንበረከከች፤ ዓይኗን ከአሳማዋ ዓይን እኩል አድርጋ ወደፊት አየች። የውጪው መብራት የመስኮቱን ብረት ጥላ ወለሉ ላይ ጥሏል። «ጉድጓድ መስሏታል» አለች ለልጇ በአማርኛ። ካርቶን አንስታ መስኮቱን ከለለች። አሳማ የሚመሩባትን ሳንቃ ይዛ ከአሳማዋ ትከሻ አጠገብ ቆመች። «ነይ እናቴ፣ ነይ።» አሳማዋ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ማንአልሞሽ ያለ ዱላ ያሻገረቻቸውን አሳማዎች ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ምልክት አደረገች፤ ሁለት ዓመት፣ በየቀኑ። በመጨረሻ ካላንደሮቹን ይዛ ዋናው የእንስሳት ሐኪም ቢሮ ገባች። «የእኔ አንድም አያነክስም። የእነሱን ቁጠር» አለችው በተሰባበረ እንግሊዝኛ። ሰውዬው ቆጠረ። በሳምንቱ ዱላዎቹ ተሰበሰቡ።

ኖላዊት አሳማ ላክም ነው ስትላት ሳቀች። «ውሻና ድመት ሁሉም ያክማል። እነዚህ ማን አላቸው?» አለቻት። ወዲያው ሳቋን ዋጠች፤ «ለቤተ ክርስቲያን ሰው ብቻ እንዳትነግሪ። በእኔ ሞት።»

ሰዉ አሳማ አይበላም፤ አይነካም፤ የነካውንም አይነካም። ማንአልሞሽ ያጠበችውን ድስት፣ የቆረሰችውን ዳቦ ይመልሱባት ይሆናል ብላ ነበር የፈራችው። ለዚህ ነው ጽሑፉ ላይ «አንዲት ሠራተኛ» የተባለችው፤ ስም የላትም።

«ኖላዊት? አለሽ?»

ስልኳ ጠፍቶብኛል ማለት ይቻላል። ሥራ ለቃለች ማለት ይቻላል። አክስቷ በሩ ሥር ሆነው ያይዋታል።

«ስልክ የላትም» አለች ኖላዊት። «ቅዳሜ ቀበርናት። እናቴ ናት።»

ወደ ማጉያው ይበልጥ ቀረብ አለች።

«አሁን የደወላችሁት ልቅሶ ቤት ነው። በስህተት አርባ ሰው ድምፃችሁን እየሰማ ነው።»

«ኦ፣ የኔ ልጅ» አለች ዶክተር ሊንዳ። «ይቅርታ አድርጊልን። እንዝጋ፤ ሌላ ቀን እንፈልግልሽ።»

«አይሆንም። እናነጋግራት ብላችኋል። ጠይቁኝ፣ እመልስላታለሁ።»

ጠየቋት። ቴዲ ሊተረጉም አፉን ሲከፍት በክንዷ ገፋችው፤ ራሷ አንዱን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ተናገረች፣ ያንኑ ደግሞ ወደ ሰዉ ዞራ በአማርኛ። አሳማ ነው ያልኩት። ጋጣ ታጥብ ነበር። ሌሊት። አሥራ ሦስት ዓመት። ዱላውን ያስወጣችው እሷ ናት። አሳማዎቹ እንዳይሰለቻቸው መጫወቻ ሰንሰለትና የመኪና ጎማ ያንጠለጠለችላቸውም እሷ ናት፤ አሁን የሕንፃው ደንብ ሆኗል። ድምፅዋ አንድም ጊዜ አልተንቀጠቀጠም፤ ማርክ እንዳይቀነስባት የፈራች ተማሪ ይመስል አጥርታ ተናገረች።

«ከተወዳዳሪዎቹ አንቺ የመጨረሻዋ ነሽ» አለች ዶክተር ሊንዳ ሲጨርሱ። «ሃያ ደቂቃ ስጪን፣ እንደውላለን።»

ማጉያው «ቲት» ብሎ ጠፋ።

«ታዲያ» አሉ ወይዘሮ ገንዘብ ቀስ ብለው፣ «የእኔን ስኳር ማን አነበበው?»

«ውጤቱ ልክ ነበር ወይ?» አሉ አቶ ገመዳ።

«ልክ ነበር።»

«እንግዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ከጓዳ በኩል አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ሌላው ሳል አስመስሎ ደበቀው። ወይዘሮ ባየሽ ግን አልሳቁም። ተነሱ። በሩን የዘጉበትን ወንበር ወደ ግድግዳው ገፉት፤ ኖላዊት ጫማቸውን ሊፈልጉ ነው ብላ ጠበቀች።

«ለእኔም?» አሉ። «በየእሑዱ አጠገቤ ቆማ? እጇ በበረኪና ተልጦ ሳየው ‹ሆስፒታል ነው፣ ንጽሕና ይፈልጋል› ስትለኝ… እኔ ባየሽ የምጠየፋት መሰላት?»

«ትጠየፊያት ነበር እትዬ» አለች ኖላዊት። እንዲህ ማለት አልነበረባትም፤ አለችው።

«እጠየፋት ነበር» አሉ ወይዘሮ ባየሽ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሰሃኗን እለይ ነበር።» ነጠላቸውን አጥብቀው መስቀለኛ አሰሩ። «የተከለከለው መብላቱ ነው። ማዳኑን ማን ከለከለ? እስቲ አሳዪኝ። አሳማዋ የት ነው የምትቆመው? እህቴስ?»

«አሁን?»

«አሁን ነዋ! ሃያ ደቂቃ ብላለች ሴትየዋ። ቴዲ፣ አሳማ ሁን።»

«እማዬ!»

«ሁን አልኩህ። ምን ታፍራለህ፣ ቀለብህን ያውቁታል።»

ቴዲ በአራት እግሩ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ። ኖላዊት ከጠረጴዛው ባዶ ትሪ አንስታ በሳንቃው ፈንታ ለአክስቷ ሰጠቻቸው። ወይዘሮ ባየሽ ሄደው ከልጃቸው ኋላ ቆሙ።

«ከኋላ አይሆንም!» ብለው አቶ ገመዳ ከሶፋው ዘለው ተነሡ። «ከኋላዋ ያለውን አታይም፤ ላምም እንዲሁ ናት! ትከሻው ጋ፣ ትከሻው ጋ ኑ!»

«እዚህ?»

«እዚያ። አሁን ዝም ብለው ይራመዱ።»

«ነይ እናቴ በዪው እትዬ» አለች ኖላዊት።

«ነይ እናቴ» አሉ ወይዘሮ ባየሽ፤ ቴዲም እያጉረመረመ በወንበሮቹ መሃል ሄደ፣ ሰው እግሩን እያነሳ አሳለፈው። ወይዘሮ ገንዘብ ሆዳቸውን ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሦስት ቀን ሙሉ የተጠራቀመ ሳቅ ነበር፤ ከልቅሶው ጋር ተቀላቅሎ ወጣ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልለይ አለ።

ስልኩ ጮኸ። ቴዲ በአራት እግሩ እንዳለ ቀረ። ኖላዊት ስልኩን አነሳች።

«ኖላዊት፣ ድምፅ ሰጥተናል። አምስት ለዜሮ ነው። ለደንቡ ደብዳቤ እንጽፍልሻለን፣ ግን እናትሽ ቤት ያሉት ሰዎች አሁኑኑ እንዲሰሙት ፈለግን። ኮንግራቹሌሽንስ!»

ይህቺን ቃል ማንም እንዲተረጎምለት አልጠየቀም። አቶ ገመዳ ሁለት እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘረጉ። ቴዲ ከምንጣፉ ተስፈንጥሮ ተነሥቶ ኖላዊትን ከመሬት አነሳት። ወይዘሮ ባየሽ አፋቸውን ከፈቱ፣ ምላሳቸው ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ የት እንዳሉ ትዝ አላቸው። ልቅሶ ቤት እልል አይባልም።

ዘወር ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው አፋቸው ላይ አፈኑት። በጨርቁ ውስጥ እልል አሉ። እንደ ሩቅ ሰፈር ሠርግ የታፈነ ድምፅ ነበር። አንድ። ሁለት። ሴት ስትወለድ ሦስት ነው የሚባለው፣ ወንድ ሲወለድ ሰባት፤ ኖላዊት ሳታስበው ትቆጥር ጀመር። ሦስት ሲሞላ እጃቸውን ያወርዳሉ ብላ ጠበቀች። አራት አሉ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ አምስት፣ ስድስት። ሰባተኛው ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ነጠላውን ግን ከአፋቸው አላነሡም።