ለወፍጮ የተላኩ ሽማግሌዎች

ዶክተር ቢላል መርሳ ቤት የተከራየ ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ ከሲሪንቃ የእርሻ ምርምር የመጣ የማንጎ ሐኪም መስሎት ነበር። ለዚህ እኛ ብቻ አንወቀስም። ሰውየው በማንጎ ዛፎች መካከል ያለችውን አሮጌ የጭቃ ቤት መርጦ ገባ፤ ከሚኒባስ ላይ ብዙ ሳጥን አወረደ፤ ከዚያ ዛፎቹን እየዞረ ያይ ጀመር። በማግሥቱ አንድ ጎረቤታችን ቅጠሉ የተጨማደደ ቅርንጫፍ ቆርጦ ይዞለት ሄደ። ዶክተሩ ቅጠሉን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ "ይቅርታ ወንድሜ፣ እኔ የማጠናው ብረት ነው" አለው።

"ብረት ለማጥናት ማንጎ ውስጥ ምን አመጣህ?"

"እዚህ ብረት ስለማይበዛ ነው።"

ጎረቤታችን ቅርንጫፉን ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዶክተሩ ሥራ ለማወቅ የፈለገ ሁሉ አክስቱን እትዬ ወርቅዬን ይጠይቅ ጀመር።

እትዬ ወርቅዬ ቢላልን ከልጅነቱ ጀምሮ ግራና ከተማ ያሳደጉት ናቸው። አሁን ምግቡን ሊያዩለት ብለው መርሳ አብረውት ገብተዋል። ስለ ትምህርቱ ሲናገሩ በጣታቸው ይቆጥራሉ።

"መጀመሪያ ፊዚክስ ተማረ። ከፊዚክስ ማግኔትን መረጠ። ከማግኔት ደግሞ የላይኛውን ፊት ብቻ መረጠ። ባሕር ማዶ ሄዶ ስንት ዓመት ያንን ፊት ሲያይ ከረመ። ዶክተር ብለው ላኩት። ወልድያ መጥቶ ሲያስተምርም እሱኑ ያያል። ይኸው ፀጉሩ ሸበተ፤ ወደ ውስጥ ገና አልገባም።"

ቢላል ይህን ሲሰማ ይስቃል እንጂ አይቆጣም። "አክስቴ፣ ነገሩ ያለው እኮ ላዩ ላይ ነው" ይላቸዋል። "ውስጥ ያለው ብረት በዙሪያው ሁሉ ጎረቤት አለው። ላይኛው ግን በአንድ በኩል ጎረቤት የለውም። ስለዚህ ጠባዩ ይለያል።"

"እሱስ እውነትህን ነው" ይላሉ እትዬ ወርቅዬ ከእግር እስከ ራሱ እያዩት። "ጎረቤት የሌለው ጠባዩ ይለያል። በአርባ ዓመቱ ብቻውን የሚተኛ፣ ለምሳሌ።"

ቢላል መርሳ የመጣው በጭንቀት ነው። ከዐይን ሽፋን እጅግ የሳሳ የብረት ንጣፍ ላይ አንድ ያልታወቀ ጠባይ አግኝቻለሁ ብሎ ለአንድ የሳይንስ መጽሔት ጽፎ ነበር። ገምጋሚዎቹ ደግሞ፣ ያየኸው የንጣፉ ጠባይ ይሁን የአካባቢህ ረብሻ በምን እናውቃለን፣ ጸጥ ባለ ቦታ ደግመህ ለካ አሉት። ወልድያ ላይ አልሆነለትም። የቆመ ብረት አያስቸግረውም፤ ከሒሳቡ ይቀንሰዋል። የሚያስቸግረው የሚንቀሳቀሰው ነው፤ ወልድያ ላይ ደግሞ ባጃጅ የማያልፍበት ደቂቃ የለም።

ከውጭ የተላከለት ንጣፍ አንድ ብቻ ቀርቶታል። በታሸገ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው አንዴ ከተሰበረ አየር ይነካውና በሁለት ቀን ይበላሻል። በነዚያ ሁለት ቀኖች ካልለካው ጽሑፉ ይወድቃል፤ ጽሑፉ ከወደቀ ተባባሪ ፕሮፌሰርነቱም ይቀራል፤ ከሁሉ በላይ ግን የዚያን ሁሉ ዓመት ልፋቱን ሰው ረብሻ ነው እንዳለው ይቀራል። መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ደግሞ ከዒድ በፊት ያልቃል።

መርሳ ጸጥ ያለች ናት ብሎ ነው የመጣው። ከማንጎው ማዶ የሐጂ ዓሪፍ ወፍጮ መኖሩን ያወቀው ሳጥኖቹን ፈትቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። መለኪያው የሚሠራው በባትሪ ነው፤ የሚያየውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ በአንዲት ቀጭን መስመር ይጽፋል። የወፍጮው ሞተር ሲነሣ መስመሯ እንደደነገጠች ፍየል ትዘላለች። ከመርሳ ሰው መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ቢላል ብቻ ነበር። ግን መቼ ጠፍቶ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ቱቦውን ለመስበር አልደፈረም።

"ሐጂን ሄጄ ልለምናቸው" አለ አንድ ቀን።

"ረመዳን ሊገባ ነው፤ የሐብሩ ወረዳ ሰው ሁሉ እህሉን ይዞ እሳቸው ደጅ ነው ያለው" አሉ እትዬ ወርቅዬ። "በዚህ ሰሞን ወፍጮህን ዝጋ የሚባል ሰው በአፍ አይለመንም። ሽማግሌ ይላካል።"

"ለወፍጮ?"

"ለከባድ ነገር። ወፍጮ ይሁን ሌላ።"

ሽማግሌዎቹ ሼህ እንድሪስና ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ደሞዜ ነበሩ። ሁለቱ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያልዳሩት ልጅ በሰፈራችን የለም። እትዬ ወርቅዬ ራሳቸው የሁለቱን ጋቢ አስተካክለው እሑድ በማለዳ ላኳቸው። ሐጂ ዓሪፍ በሩን ከፍተው ሁለቱን ሲያዩ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ ወደ ጓዳ ዞር አሉ። ወዲያው ምንጣፍ ተነጠፈ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ።"

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ ሼህ እንድሪስ ከልማድ የተነሣ። ጋሽ ደሞዜ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

"ምን ልታዘዝ?" አሉ ሐጂ።

"ስለ ዶክተር ቢላል ነው" አሉ ጋሽ ደሞዜ። "ወፍጮው ለሁለት ቀን እንዲቆምለት ይለምናል።"

ሐጂ ፈገግ አሉ። "ወፍጮው።"

"ወፍጮው ብቻ።"

"ወፍጮው ላይ የምትውለው ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ መቼም።"

"ልጅዎ ሳሚራ ናት።"

"እንግዲህ ወፍጮው ከቆመ ሳሚራ ሁለት ቀን ቤት ትውላለች ማለት ነው።"

"እሱ ይሆናል፤ እኛ ግን የመጣነው ለሞተሩ ነው" አሉ ጋሽ ደሞዜ፣ ላባቸው ግንባራቸው ላይ ብቅ እያለ።

"ጋሽ ደሞዜ፣ እኔም ሚስት ያገባሁ ሰው ነኝ" አሉ ሐጂ። "አባቴ የላኳቸው ሽማግሌዎች የጠፋ በሬ ፍለጋ መጣን ብለው ነው የጀመሩት። የእናንተ ግን አዲስ ነው። ወፍጮ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።"

"ወላሂ ወፍጮውን ነው" አሉ ሼህ እንድሪስ።

"መሐላ ምን ያደርጋል፤ ሰምቻለሁ። ጠያቂ አይነወርም። እኛም እንመካከር፣ እሷም ትጠየቅ። ከዒድ በኋላ ኑ።"

በመጀመሪያ ቀን መልስ የሚሰጥ አባት የለም፤ ሽማግሌዎቹም ይህን ስለሚያውቁ መርቀው ወጡ። ለወፍጮ መምጣታቸው ትዝ ያላቸው መንገድ ላይ ነው።

ቢላል "ከዒድ በኋላ" የሚለውን ሲሰማ የመስታወት ቱቦውን አንሥቶ አየና መልሶ አስቀመጠው። ምሳውን አልበላም። እትዬ ወርቅዬ ግን ያን ቀን ምን እንዳስደሰታቸው ባይታወቅም ሲያንጎራጉሩ ዋሉ።

ከሰዓት በኋላ ሳሚራ ራሷ መጣች። ቅንድቧ ላይ ዱቄት ነበረ። እትዬ ወርቅዬ ደጃፉ ላይ ምስር ሲለቅሙ ነበርና ሰፌዳቸውን ይዘው ወደ አንድ ማንጎ ሥር ተነሡ፤ መስማት እስኪያቅታቸው ግን አልራቁም።

"ዶክተር፣ ከጠዋት ጀምሮ የመጣው ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል" አለች ሳሚራ በሩ ላይ ቆማ። "ምን እንዳገኘሁ ካንተ ልስማ ብዬ ነው።"

"የጠየቅነው ወፍጮውን ነው" አለ ቢላል።

"እኔን አይደለም።"

"አይደለም።" ወዲያው ግን ያለው ነገር ደግ እንዳልሆነ ገባው። "ማለቴ፣ ሞተሩን ነው።"

"ሞተሩ ከእኔ ቀድሞ ሽማግሌ መጣለት" አለች ሳሚራ። "ይሁን። ምን አድርጎህ ነው?"

ቢላል በቃል ከማስረዳት ማሳየት ይቀለዋል። ኮምፒውተሩን ወደ በሩ አዞረላት። "አሁን መስመሩ ቀጥ ያለው አንቺ እዚህ ስለሆንሽ ነው። ይህ ዛሬ ጠዋት ሞተሩን ስታስነሺ ነው። እዚህ ጋ ለዙህር ሶላት ቆመሻል። ይህቺ ምሳሽ ናት፤ አጭር ናት። ማሽላ ሲሆን መስመሩ ይወፍራል። ረቡዕ ሙሉውን ቀን ማሽላ ነበር።"

"የግራና ሰዎች ናቸው፤ አህያ ሙሉ ይዘው መጥተው።"

"ሐሙስ ደግሞ አርፍደሻል።"

"ጥርሴን አሞኝ ነበር።" ሳሚራ ወደ መስመሩ ጠጋ ብላ አየችው። "አባቴ እንኳ ማርፈዴን አላወቀም። ይህን ሁሉ ምን ታደርግበታለህ?"

"እጥለዋለሁ። በእኛ ሥራ ረብሻ ነው የሚባለው።"

"ከጠዋት እስከ ማታ የለፋሁትን።"

ቢላል መስመሩን መልሶ አየ። "ገና አልጣልሁትም" አለ።

ሳሚራ ቱቦውን አሳየኝ አለችው። ስለ ንጣፉ፣ ስለ ጊዜው፣ ገምጋሚዎቹ ስላሉት ነገር አንድ በአንድ ጠየቀችው። ሲጨርስ፣ "ማክሰኞና ረቡዕ እዘጋልሃለሁ" አለች። "አባቴን እኔ አነጋግራለሁ። ደንበኞቼ ለምን ዘጋሽ ሲሉኝ ግን እውነቱን ነው የምነግራቸው።"

"እውነቱን ንገሪያቸው።"

እውነቱን የሚያምናት ግን አላገኘችም። በረመዳን ዋዜማ ወፍጮ የምትዘጋ ልጅ ስለ ብረት ፊት ብታወራ ማን ይሰማታል? ሰኞ ማታ ሰዉ ሁሉ ቀለበት ታስሮ አልቋል ብሎ ደመደመ። ማክሰኞ ጠዋት ቢላል ቱቦውን ሰብሮ መለካት ሲጀምር፣ ደስታውን ሊገልጽ የተነሣ ሰው ከመንገዱ ወደ ማንጎው መጉረፍ ጀመረ። አንዱ ባጃጅ ይዞ መጣ።

ሳሚራ ዱካ ይዛ ከማንጎው መግቢያ ላይ ተቀምጣ ነበር። ባጃጁን ከሩቅ በእጇ መለሰችው። ማጭድ የያዘውን፣ ቁልፍ ያንጠለጠለውን፣ ብረት ድስት ተሸክማ የመጣችውን ሁሉ መለሰች። ከሰዓት በኋላ ሐጂ ዓሪፍ ራሳቸው መጡ።

"አባባ፣ ምርኩዝዎን እዚህ ይተዉት።"

"ምርኩዜን?"

"ጫፉ ብረት ነው።"

ሐጂ ምርኩዛቸውን አዩት፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዛፎቹ መካከል ያለችውን ጭር ያለች ቤት አዩ። "ሳሚራ፣ ይህ ሰው እውነትም ወፍጮውን ነው እንዴ የፈለገው?"

"እሱን ነው ስነግርዎ የሰነበትሁት።"

ሐጂ ቅር ብሏቸው ተመለሱ።

በቤቱ ውስጥ መስመሯ ቀጥ ብላ ሄደች። ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ቢላል ብዙ ዓመት የጠበቃት ትንሽ ጉብታ ከቀጥታው መስመር ላይ ቀስ ብላ ተነሣች። የማንም ረብሻ አልነበረችም፤ የንጣፉ የራሱ ነበረች። ቢላል እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ደስ ብሎታል። ነገር ግን የምሳ ሰዓት ሲደርስ መስመሯ ላይ ሌላ ነገር እየፈለገ መሆኑን ታዘበ። የሚፈልገው እንዲጠፋለት ሽማግሌ የላከበትን የወፍጮውን ረብሻ ነበር።

ወፍጮው ሐሙስ ሥራ ጀመረ፤ ረመዳን ገባ። ቢላል ጽሑፉን አስተካክሎ ላከ። የሚለካው አልቆ ሳለ መለኪያውን ግን አላጠፋም። እትዬ ወርቅዬ፣ "አሁን ደግሞ ምኑን ነው የምታየው?" ሲሉት፣ "ባትሪው እንዳይበላሽ ነው" ይላል።

ከዒድ በፊት ባለው ሳምንት መጽሔቱ ጽሑፉን መቀበሉን ገለጸ። በጽሑፉ መጨረሻ የረዱ ሰዎች የሚመሰገኑበት ቦታ አለ። ቢላል እዚያ ላይ "ለሳሚራ ዓሪፍ፣ ሞተሯን ስላቆመችልኝ" ብሎ ነበር። ከገምጋሚዎቹ አንዱ፣ "ፕሮፌሰር ሳሚራ ዓሪፍ የየትኛው ዩኒቨርሲቲ ናቸው? ይገለጽ" ብሎ ጽፎ ነበር። ጋሽ ደሞዜ ይህን ለሰፈሩ ሁሉ ተረጎሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወፍጮ ቤቷን ዩኒቨርሲቲው እንላታለን።

ዒድ አለፈ። እትዬ ወርቅዬ ቢላል ፊት ተቀመጡ።

"ቀጠሮ የተሰጠው ሽማግሌ መቅረት ነውር ነው። ምን ብለው ይግቡ?"

ቢላል ወደ መስኮቱ ዞረ። ማዶ ወፍጮው ይሰማል። "ለወፍጮው አይደለም ይበሉ" አለ በመጨረሻ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሐጂ ዓሪፍ ቤት ቆሙ። "ዛሬ የመጣነው ለሳሚራ ነው" አሉ ጋሽ ደሞዜ።

"ለወፍጮው አይደለም?"

"አይደለም።"

"እኔኮ ረመዳኑን ሙሉ እውነትም ወፍጮውን ነው ሲሉኝ ከርመው ገና ትናንት ማመኔ ነው" አሉ ሐጂ። "እንግዲህ ቃሉ የእሷ ነው። ትጠየቅ።" ሰው ወደ ወፍጮ ቤቱ ላኩ።

ቢላል ያን ሰዓት መስመሩ ፊት ነበር። ማሽላ ነው፤ መስመሩ ወፍሯል። ድንገት ቀጥ አለ። መብራት የጠፋ መስሎት የጎረቤትን አምፖል በመስኮት አየ፤ ይበራል። መስመሩ ቀጥ እንዳለ ቆየ። ቢላል ተነሥቶ በሩን ሲከፍት ሳሚራ በማንጎዎቹ መካከል እየመጣች ነበር፤ ዱቄቷን እንኳ አላራገፈችም።

"አትኩራራ" አለችው ገና ከሩቅ። "ሞተሩን ያቆምሁት ለምሳ ነው።"

"ለምሳሽ ገና ነው" አለ ቢላል።