በአማት ፊት የተጾመ ሁዳዴ

ጎይቶም ኡራኤል ጋ ከታክሲ ሲወርድ አዳልጦት ወደቀና ትከሻው ወለቀ። ሰው ደግፎ ካዛንቺስ ካለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አስገባው። ይኼስ ምንም አይደል፣ የወለቀ ይገባል። ጉዱ፣ ሚስቱ ሰምሃል ከሥራ እስክትመጣ አማቱ ወይዘሮ ለተገብርኤል ቀድመው መድረሳቸው ነው።

ሴትዮዋ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ጎረቤቱን ሁሉ በአማቻቸው ሲያስቀኑ ከረሙ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም እያሉ። እሱ ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ ሆዱ አልችል ብሎት ምሳ ሰዓት ላይ መስቀል ፍላወር ካለ አንድ ሆቴል ጓዳ ይሰወራል። ዛሬም ታክሲ የተሳፈረው ጥብሱን ጥርግ አድርጎ በልቶ ነው።

ዶክተር ፍሬሰላም ትከሻውን አየችና እንዳያመው በመርፌ አስተኝታ እንደምትመልሰው ነገረችው። መጨረሻ የበላው መቼ እንደሆነም ጠየቀችው። አማቱ ቀደሙት፤ ትናንት ማታ ራሳቸው ካቀረቡለት ሽሮ ወዲህ እህል በአፉ እንዳልዞረ ማሉለት። ጎይቶምም፣ ሞኝ፣ አዎ አለ።

ዶክተሯ ግን ቸኩላ የምትወጋ አይደለችም። ኦክስጅኑን አቀረበች፣ ትንፋሹን የሚከታተለውን ማሽን ገጠመች፣ መርፌውን እንደያዘች ጎንበስ አለችበት። የምጠይቅህ ለነፍስ አባትህ ልናገር ብዬ አይደለም አለችው።

"ሆድህ ውስጥ ምግብ ካለ፣ እንደተኛህ ወደ ላይ ይልህና ሳንባህ ይገባል። ያኔ እኔም ላልደርስልህ እችላለሁ።"

ጎይቶም መርፌውን አየ፣ አማቱን አየ። የትኛው ይበልጥ እንዳስፈራው እሱም አያውቅም። መርፌው ክንዱን ሊነካ ሲል ግን፣ ነፍስ ጣፋጭ ናትና፣ አፉ ተከፈተ።

"ጥብስ በልቻለሁ። አሁን፣ ከመውደቄ በፊት።"

ዶክተሯ መርፌውን አስቀመጠች። በቃ ሳትተኛ መገጣጠሚያውን ብቻ አደንዝዤ ቀስ ብዬ እመልሰዋለሁ፣ ትንሽ ትችለዋለህ አለችው። ጎይቶም አማቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ከትከሻው ይልቅ እፍረቱ አመመው።

ወይዘሮ ለተገብርኤል ተጠግተው ደህና የሆነውን እጁን ያዙት።

"እግዜርን ሳትፈራ፣ እኔን ፈርተህ ልትሞት ነበር?" አሉት። "ልጄን ምን ልላት ነበር?"

ትከሻው እስኪገባ እጁን አልለቀቁትም። ጎይቶም አለቀሰ፤ ዶክተሯ አመመህ ወይ ስትለው፣ ሕመሙ አይደለም አላት።