ቦንጁክ የማትሻገረው ደፍ

ገመዱ መዳፉን እየላጠው ነው። ሱአት እግሩን የምንጩ ድንጋይ ላይ አስደግፎ ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተ። ውሻዋ አራት እግሮቿን መሬት ላይ ተክላ ወደ ኋላ ተለጠጠች እንጂ አንድ ስንዝር አልተነቃነቀችም።

"ቦንጁክ፣ በናትሽ! ማዶ ማንም የለም እኮ። ሁሉንም ጠዋት ለቅመዋቸዋል።"

እውነቱን ነው። ትናንት ሥጋ ቤቱ ጥላ ሥር ተጋድመው የነበሩት የማዶ ሰፈር ውሾች ዛሬ የሉም። ግን ይህን ለቦንጁክ ማን ያስረዳት? ኢስታንቡል ውስጥ ውሻ የሰው ሳይሆን የሰፈር ነው። ድንበሩን ያውቃል፣ ካለፈም የማዶዎቹ ይዘነጥሉታል። ቦንጁክ ቡችላ ሳለች አንድ ቀን ምንጩን ተሻግራ የግራ ጆሮዋን እኩሌታ እዚያው ጥላ ተመልሳለች። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ዓለም የሚያልቀው ለእሷ እዚህ ምንጭ ጋ ነው።

ሱልጣኑ ከዙፋን ከወረዱ ገና ዓመት ቢሆን ነው። አዲሶቹ ሹማምንት ከተማዋን ፓሪስ እናስመስላታለን ብለው ተነሡና፣ ከሁሉ አስቀድመው ያገኙት ጠላት ውሻ ሆነ። በብረት መቆንጠጫ አንገቱን እያነቁ፣ በጋሪ እየጫኑ፣ ከወደቡ በመርከብ ውሃ ወደሌለበት ደሴት ይወስዱታል። የባሕሩ ነፋስ ወደ ከተማው ሲዞር ጩኸቱ እስከ ሰፈሩ ይሰማል።

ሱአት ከኪሱ የጉበት ቁራጭ አወጣ። ቦንጁክ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አሸተተች፣ ምራቋ ተዝረበረበ፣ እግሯ ግን ከቦታው አልተነሣም። ሊሸከማት ሞከረ። የአሥር ዓመት ልጅ የሚሸከማት ውሻ ናት እንዴ! ክንዱን ቧጥጣ አመለጠችው። ከከተማው ግንብ ውጪ የአክስቱ የጎመን ማሳ አለ፤ እዚያ ቢደርሱ ማንም አያገኛትም ነበር።

"አንተ፣ በቅሎ ነው የምትጎትተው?" አለ ከኋላው የሰፈሩ ዘበኛ ዱርሱን። ዱላውን ይዟል፣ ፊቱ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው። ውሾቹ የት የት እንደሚተኙ ለለቃሚዎቹ እንዲያሳይ ታዝዟል።

"ጋሽ ዱርሱን፣ አያሳዩአት፤ እባክዎ።"

"እኔ ባላሳይ ዓይን የላቸውም? ጋሪው መስጊዱ ጋ ደርሷል።" ዘበኛው ወደ ውሻዋ ማየት አልፈለገም። አሥራ አራት ዓመት ሌሊት ሌሊት አብረውት የዞሩት እነዚሁ ውሾች ናቸው። "ስማ፣ የሚወስዱት መንገድ ላይ ያገኙትን ነው። ሰው ቤት አይገቡም።"

"እኛ ቤት ባስገባትስ?"

"ሻኪር ኤፌንዲ ቤት?" ዱርሱን ሳያስበው ሳቀ። "እዚያ እኮ ዝንብም ውዱእ አድርጋ ሳትታጠብ አትገባም።"

ሱአት ግን ሮጦ ነበር። ቦንጁክም ፊቷ ወደ ሰፈሯ ሲዞርላት ገመዱን ቀድማ ተፈተለከች።

አያቱ ሻኪር ኤፌንዲ ልጆችን ቁርአን ያስተምሩ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። በየማለዳው ለቦንጁክ ዳቦ ይቆርሱላታል፣ ከደጅ። ደፉን ልትረግጥ ከቃጣች ግን መጥረጊያ ያነሣሉ። ውሻ ባለበት ቤት መልአክ አይገባም። በበሩ አጠገብ የሚቀመጠውን የመዳብ ሳፋ፣ ለጸሎት የሚታጠቡበትን፣ ሱአት እንኳ አይነካውም።

"አባባ፣ ትግባ።"

"ማን?"

"ቦንጁክ። ቤት ውስጥ አይመጡም። ለዛሬ ብቻ።"

"ሠላሳ ዓመት የሰገድኩበት ቤት ነው፣ ልጄ።"

"ደሴቱ ላይ ውሃ የለም። እርስ በርስ እየተበላሉ ነው አሉ።"

ጩኸቱን ሽማግሌውም ሰምተዋል። ሰምተው ነው መኝታቸውን ወደ ጓዳ ያዞሩት።

"አባዬ ከየመን ሲመለስ ምን እለዋለሁ?" አለ ሱአት። አንገቷ ላይ ያለውን ሰማያዊ ዶቃ የዘመተ ዕለት ያሰረላት አባቱ ነው፤ ስሟም የወጣላት ከዶቃው ነው፤ ቦንጁክ ማለት ዶቃ ነውና። ከአባቱ ደብዳቤ ከመጣ ስምንት ወር ሆኗል። አያትና የልጅ ልጅ ስለዚህ አይነጋገሩም።

መልስ ሳይጠብቅ ገመዱን ጎተተ። ቦንጁክ ደፉ ጋ ስትደርስ ቁጭ አለች። ጎተታት፤ ዓይኗን ጥግ ላይ ከቆመው መጥረጊያ ሳትነቅል ወደ ኋላ ተለጠጠች። የጋሪው መንኮራኩር ድንጋዩ ላይ ሲንኳኳ ይሰማል።

"አትገባም!" ሱአት እንባው መጣ። "እርስዎ ነዎት ያስተማሯት።"

ሻኪር ኤፌንዲ ተነሡና መጥረጊያውን አነሡ። ልጁ ሊያባርሯት መስሎት ውሻዋን አቀፋት። ሽማግሌው መጥረጊያውን ወደ ጓዳ ወረወሩት። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው፣ እያቃሰቱ፣ ደፉ ላይ ተንበረከኩ።

"ቦንጁክ" አሉ። እስከዚያ ቀን ስሟን ጠርተው አያውቁም። "ነይ፣ ግቢ።"

አንድ እግሯን አስገባችና ቆመች፤ ፊታቸውን አየች። ምንም አልመጣባትም። ሆዷን መሬት ለመሬት እየጎተተች ገባች፣ ሱአትም በሩን ዘጋ።

ብዙ ሳይቆይ ከውጭ የማያውቁት ሰው ድምፅ መጣ። "እዚህስ ቤት?"

"እዚህ?" አለ ዱርሱን። "ወዳጄ፣ የሻኪር ኤፌንዲ ቤት እኮ ነው። ቢፈልጉ ሰፈሩን ሁሉ ይጠይቁ፤ እዚህ ቤት ውሻ ገብቶ አያውቅም።"

ለቃሚዎቹ ሳቁ። ጋሪው እየተንኳኳ፣ የተጫኑት እያለቀሱ፣ ቁልቁል ወደ ወደቡ ወረደ። ሱአት የቦንጁክን አፍ በሁለት እጁ ይዞ ነበር፤ እሷ ግን አልጮኸችም፣ ትንቀጠቀጥ ነበር እንጂ።

"አልዋሸሁም" አሉ ሽማግሌው፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ።

"አልዋሹም፣ አባባ።"

"ዝም አልኩ እንጂ።"

የቀትር አዛን ተሰማ። ሻኪር ኤፌንዲ መስገጃቸውን ከግድግዳው አውርደው ጠቀለሉና ብብታቸው ሥር ያዙ። ሱአት ልቡ ፈራ።

"ከሰላት ሲመለሱ ትወጣለች?"

ሽማግሌው የመዳብ ሳፋውን አነሡ፣ ከእንስራው እስከ አፉ ሞሉት። ልጁ ሊታጠቡ ነው ብሎ ፎጣ ይዞ ቀረበ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ሳፋውን ውሻዋ ፊት አኖሩት።

"እኔ መስጊድ እታጠባለሁ" አሉና ወጡ።